የእትዬ አፀደ ፈረሰኞች

ለታላቅ ወንድሜ ለሀብተ ጊዮርጊስ ኃይለ መስቀል፣ አዲስ አበባ ካለህበት ይድረስህ።

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከረምክ? ያ የሚያስነክስህ ወገብህ ተሻለህ ወይ? ውብአየሁስ? ልጃችሁ ልዑልቃልስ ደህና ነው? እኔና ኖላዊት እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ዝናቡ ከያዘን ግን ወር አልፎታል። ሰላምታውን ያስቀደምኩት እማማ ደብዳቤ በቁጣ አይጀመርም ብላ ስላሳደገችን ነው። አሁን ወደ ንዴቴ ልግባ።

እዚህ ሬኒየር ቢች ኮሚኒቲ ሴንተር ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆቻችን አማርኛ የሚያስተምሩ ጋሽ አክሊሉ የሚባሉ ጡረተኛ መምህር አሉ። ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ ያስመጡትን አንድ የልጆች መጽሐፍ ያነቡላቸው ጀመር፤ የጥንት እንግሊዝ ንጉሥና የፈረሰኞቹ ታሪክ ነው። እኔ ከኋላ ተቀምጬ የኖላዊትን ጃኬት ቁልፍ እተክላለሁ። ጋሽ አክሊሉ ጥቂት እንዳነበቡ ኖላዊት እጇን አውጥታ በእንግሊዝኛዋ፣ ይኼ የአክስቴ የአፀደ ታሪክ ነው፣ ቀጥሎ የሚመጣው አንካሳው ፈረሰኛ ነው አለቻቸው። እኔ ነኝ የነገርኳት፤ በእሱ ነው ያደገችው። ጋሽ አክሊሉ ገጹን ሲገልጡ እውነትም አንካሳው ፈረሰኛ መጣ። መጽሐፉን ተቀብዬ ሽፋኑን ባየው ትርጉም በሀብተ ጊዮርጊስ ኃይለ መስቀል ይላል። አፈርኩም፣ ነደድኩም። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ወንድሜ ነው ሳልል መጽሐፉን ለጋሽ አክሊሉ መለስኩላቸው።

ማን እንደጻፈው አንተም እኔም እናውቃለን። አባባ ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ያመጣውን ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ፣ እትዬ አፀደ ፍቼ ቤታችን መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጠች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ አማርኛ መለሰችው። እግሯ አላስኬድ ብሏት ከስድስተኛ ክፍል የቀረች ልጅ አምስት ደብተር ሞላች። ከትምህርት ቤት እየሮጥክ መጥተህ፣ ዛሬስ የት ደረሱ ብለህ የምትነዘንዛት አንተ ነበርክ።

አንካሳው ፈረሰኛ ደግሞ እንግሊዞቹ ዘንድ የለም። ሥራ ቦታዬ አጠገብ፣ ኖርዝጌት ካለው ላይብረሪ ገብቼ ይህንኑ ታሪክ ለልጆች የሚተርኩ አራት መጻሕፍት ፈትሻለሁ፤ ሠራተኛዋም አብራኝ ፈልጋለች፤ በአንዱም አጣነው። ሌሎቹ ሲዘምቱ በሩን የሚጠብቀው፣ ሲመለሱ ግን ንጉሡ ክብ ገበታ ላይ ከሁሉም እኩል የሚቀመጠው ሰው ከእትዬ አፀደ ልብ የወጣ ነው።

ኮል ሳደርግልህ የመለስክልኝን እስክሞት አልረሳውም። የልጆች ተረት ማን ጻፈው ብሎ የሚጠይቅ የለም አልክ። ቀጥለህም፣ "እሷ እንደሆነ ከቤት አትወጣ፤ ስሟ ቢታተም ማን ያውቃታል?" አልከኝ። ወንድም ጋሼ፣ ስም የሚጻፈው ለታወቀ ሰው ብቻ ነው እንዴ? ደብተሮቹንም ምስጥ በላቸው ብለህ ዋሽተሃታል። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖራችሁ፣ ልጅህን እያስጠናች፣ እንዴት ዓይኗን አየኸው?

አንተ ከቤት በሌለህበት ደውዬ ሁሉን ነገርኳት። እሷም፣ አንካሳው ፈረሰኛ አለበት ወይ አለችኝ። አለበት ስላት መጨረሻውን አንብቢልኝ አለች፤ አነበብኩላት። አንተ ጠንቋይ አምጥተህ እግሩን አስተካክለህ ፈረስ አስጋልበኸዋል። ስጨርስ፣ "እኔ አላዳንኩትም። መዳን መቼ ፈለገ? ወንበሩን ነው የፈለገው" አለችና ማልቀስ ጀመረች። እትዬ አፀደ ስታለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ያደረግኩትን ከሌላ ከምትሰማ ከእኔ ስማው። ለጋሽ አክሊሉ እውነቱን ነገርኳቸው። ባለፈው ቅዳሜ አንተ ሳሎን ቴሌቪዥን ስታይ፣ እሷ ጓዳ ሆና የራሷን መጨረሻ በስልክ ለልጆቹ ተረከችላቸው። አሥራ ሁለት ልጆች ስልኩን ከበው በተሰባበረ አማርኛቸው ሲጠይቋት፣ ለእያንዳንዱ ስሙን እየጠራች መለሰችለት። ከዚያ መጽሐፋቸው ላይ ስምህን በወረቀት ሸፍነው የእሷን ጻፉበት። ወደዚህ ስመጣ ከደብተሯ ቀድዳ ለማስታወሻ የሰጠችኝን ገጽም ፎቶ ኮፒ አድርጌ፣ ከደብዳቤ ጋር ለአሳታሚው ልኬአለሁ።

ደብተሮቹ ያሉት አንተ ዘንድ ነው። ዛሬውኑ አውጥተህ በእጇ ስጣት፤ የሠራኸውንም በገዛ አፍህ ንገራት። ትሁን ነግራታለች ብለህ ዝም እንዳትል።

ለውብአየሁ ናፍቆቴን ንገርልኝ፤ በእሷ ቅያሜ የለኝም። ልዑልቃልን ጉንጩን ሳምልኝ፤ ኖላዊት የአክስትህን ታሪክ ከእሷው አፍ ስማ ብላሃለች በልልኝ። እትዬ አፀደን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ጎንበስ ብለህ። አንተን ግን ሰላም የምልህ ስሟን አትመህ ስታሳየኝ ነው።

እህትህ ትሁን ኃይለ መስቀል
ሲያትል፣ ኅዳር 18 ቀን 2006 ዓ.ም.