ባዶ የማይወዱት ኡስታዝ ገብረየስ

ለክቡር ኡስታዝ (በአገራችን አጠራር አቶ) ገብረየስ፣
በካርቱም ባሕሪ ባለው የሳሙና ፋብሪካችን የሪፖርት ክፍል ኃላፊ

ክቡርነትዎ ጤናዎ እንዴት ነው? ዓይንዎ ያያል? ቆዳዎስ ከሥጋዎ ጋር እንደተጣበቀ ነው? ይህን የምጠይቅዎ ለወግ ያህል ሳይሆን፣ ሁለቱም ከሰው ላይ በአንድ ቅጽበት ሲገፈፉ ስላየሁ ነው። እኔ ሰብለ ነኝ፤ እዚያው ፋብሪካ ሳሙና የማሽግ፣ የቦይለር ሠራተኛው የቃለአብ እህት። ደብዳቤዬን ለሙዲሩ፣ ለሥራ አስኪያጃችን፣ ላቀርብ ብመጣ ዘበኞቹ ቀደው ስለበተኑብኝ፣ በሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ባሉት የሐበሻ ሱቆች በር ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ቅሬታዬን ከማቅረቤ በፊት ላመስግንዎ። ወንድሜ በመተማ ተሻግሮ ባዶ እጁን ሲመጣ፣ «የአገሬ ልጅ ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ» ብለው ያስቀጠሩት እርስዎ ነዎት። እንደሚያውቁት ይታወስልኝ።

አንደኛ፦ የቦይለሩን ግፊት ወደ ስክሪንዎ የሚልከው መለኪያ ከፋሲካ በፊት ሞተ። ቃለአብ ቢሮዎ ድረስ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ መለኪያው ምንም አይልክም፤ ቦይለሩ ላይ ያለውም መርፌ ተጣብቋል» ቢልዎት፣ በታወቀው ጨዋነትዎ ስክሪኑን አዙረው አሳዩት። አረንጓዴ ነበር። «ቁጥር ሲጎድል ሲስተሙ ያለፉትን ቀናት አማካይ ወስዶ ይሞላዋል። ሙዲሩ ቀዳዳ ያለበት ሪፖርት አይወድም» አሉት። ለጥገና ክፍል የሚደርሰውም ይኸው የተሞላ ሪፖርት በመሆኑ፣ ሱዳናዊው መካኒክ ኦመር የጥገና ትእዛዝ ሲጠይቅ «በሪፖርቱ ብልሽት የለም፤ ኸላስ፣ አለቀ» ተብሎ ተመለሰ። እንፋሎቱን የሚያስተነፍሰው ቫልቭ ሳይፈተሽ ሲቀርም፣ ባዶውን ቦታ «ደህና» ብለው ሞሉልን። ባዶውን ባዶ ብለው ቢተውት ኖሮ፣ አንድ ሰው «ይህ ለምን ጎደለ?» ብሎ በመጠየቅ በከንቱ ይደክም ነበርና፣ ከዚህ ድካም ስላዳኑን ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሁለተኛ፦ ቦይለሩ የእርስዎን አማካይ አላነበበም። እኔ ማሸጊያው ክፍል ነበርኩ፤ መጀመሪያ ወለሉ ዘለለ፣ ከዚያ ግድግዳው በላያችን መጣ። ሮጬ ስደርስ የብረቱ ክዳን ጣሪያውን በስቶ ወጥቷል፤ የፈላው ሳሙና በደረጃው እንደ ጎርፍ ይወርዳል። ኦመር ዓይኖቹን በሁለት እጁ ይዞ «ሞያ! ሞያ!» እያለ ውኃ ይለምናል። ወንድሜ ወገቡ ድረስ ብረት ተጭኖት ነበር። ክንዱን ይዤ ስጎትተው ቆዳው እንደ ሸሚዝ እጅጌ ወልቆ በእጄ ቀረ። «ሰብልዬ፣ እኔን አትጎትቺኝ፤ ኦመርን አውጪው» አለኝ። ኦመርን አወጣሁት። ስመለስ ጣሪያው ወርዶበት ነበር። በዚያች ሰዓትም ስክሪንዎ አረንጓዴ እንደነበረ በኋላ ሰምቼ፣ በሥራዎ ጽናት ተደንቄያለሁ።

ሦስተኛ፦ ለቅሷችን ሳይበርድ በአዳራሹ ሰብስበው የአደጋውን ሪፖርት በትልቁ ስክሪን አሳዩን። «የሞተ፦ ዜሮ» ይላል። ተነሥቼ «ወንድሜስ?» ብዬ ስጠይቅዎ፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ «የቃለአብ የኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ቁጥር ስለሌለ መረጃው ያልተሟላ ነው፤ ያልተሟላውን ሲስተሙ ከሪፖርቱ ያወጣዋል። ማአሌሽ፣ አይዞሽ እህቴ» አሉኝ። የመለኪያውን ጉድለት ሞሉ፤ የወንድሜን ጉድለት ግን መሙላት ሲያቅትዎ ሰውየውን ከነሬሳው አወጡት። ያን ጊዜ ከግድግዳው ላይ የእሳት ማጥፊያውን ነቅዬ፣ ስክሪኑ እስኪፈራርስ ድረስ ደበደብኩት። አልዋሽዎም፤ እያንዳንዱን ምት የሰነዘርኩት የእርስዎን ፊት እያሰብኩ ነው። ዘበኞቹ ወለሉ ላይ ጥለው በጫማቸው ሲረግጡኝ፣ ትከሻዬም ሲሰበር፣ እርስዎ የመነጽርዎን መስታወት ሲወለውሉ አይቼዎታለሁ።

ፖሊስ ጣቢያ ታስሬ ሳለሁ ኦመር ዓይኑ በፋሻ እንደተሸፈነ ሚስቱ እየመራችው መጣ። መኮንኑ ፊት ቆሞ፣ «ወላሂ፣ ቃለአብ የሚባል ሰው ነበር። እኔን አስወጥቶ ነው የሞተው» ብሎ ማለ። የእኛ ሰው ያልመሰከረውን ሱዳናዊው መሰከረ። መኮንኑም ወንድሜን ሞቷል ብሎ መዘገበልኝ፤ እኔንም ለቀቀኝ። ሰው ወንድሙ መሞቱ በመጻፉ እፎይ ሊል እንደሚችል ስላስተማሩኝ፣ እግዚአብሔር ውለታዎን በልኩ ይክፈልዎ።

ልቤ እስኪበርድ ድረስ፣ ማለትም ለዘለዓለም፣ አክባሪዎ፤
በሪፖርትዎ ውስጥ ላልኖረው፣ ላልሞተውም ለቃለአብ እህት የሆንኩት
ሰብለ
ካርቱም፣ ግንቦት 2008 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ዛሬ ጠዋት አዲሱ ቦይለር ሊለኮስ ሲል፣ በወንድሜ ቦታ የተቀጠረው ካሳሁንና ጓደኞቹ በሙሉ ሥራቸውን ጥለው ወጥተዋል። የቦይለሩ ክፍል ባዶ ነው። ክቡርነትዎ ባዶ ነገር እንደማይወዱ ስለምናውቅ፣ እባክዎ ራስዎ ገብተው ይሙሉልን፤ በሩን ከውጭ የምንይዝልዎ ሰዎች ሞልተናል።