ቀይ ነጥብ ያለበት ሚሞሪ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 13 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ አሶሳ

ዳንኤል ሰረቀኝ። ሁለት ዓመት በአንድ ቤት ኖረናል፣ ከአንድ ሳህን በልተናል።

ቢሮው የሰጠኝ ላፕቶፕ ከ512 ሜጋባይት በላይ ሚሞሪ አይቀበልም ይላል አብሮት የመጣው ወረቀት። የማዘጋጀውን ሥዕል የበዛበት የበርታ ቋንቋ መጽሐፍ ስከፍት ቀጥ ይልብኛል። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ግን ጠጋኞች ጠይቃ፣ "አንድ ጊጋም ይቀበላል" ስላሏት ገዝታ ባለፈው ሳምንት በአውቶቡስ ሾፌር ላከችልኝ። መንገድ ላይ እንዳይቀየር ብላ ጠርዙን በቀይ የጥፍር ቀለም ነካ አድርጋዋለች። የቢሮውን ኮምፒውተሮች የሚጠግነው ዳንኤል ነውና እንዲገጥምልኝ ለእሱ ሰጠሁት።

"እምቢ አለ። ወረቀቱን እመን ብዬህ ነበር እኮ! በሾፌሩ ለእህትህ መልሼልሃለሁ" አለኝ። አመሰገንኩት።

ዛሬ የእኔው ላፕቶፕ እንደገና ሲቆም፣ መጽሐፉን አብሮኝ የሚያዘጋጀው የበርታ ተወላጁ መምህር ሙሳ ፋይሉን በዳንኤል ላፕቶፕ ሞከረው። ወዲያው ተከፈተ።

"ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው አይደል? የእሱ ለምን ይሮጣል?" አለኝ።

የዳንኤልን ላፕቶፕ ገልብጬ ብሎኑን ፈታሁ። ቀዩ ነጥብ እዚያው ሚሞሪው ጠርዝ ላይ አለ። መልሼ ዘጋሁት።

ምሳ ላይ ዳንኤል እንደ ልማዱ ሥጋውን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ። "ያ ኮምፒውተርህ ዛሬም አስቸገረህ?" አለኝ። "አዎ" አልኩት።

ወረቀቱንማ መቼ አመንኩት። ያመንኩት እሱን ነው።