የፒክአፗ አዲስ ሾክና የእማዬ የደካ ጉዞ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ አልጣሽ፣ ድሬዳዋ

እንደምን ሰነበትሽልኝ? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ያደርግሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ እንዴት ናቸው? ልጅሽ ቀጸላስ በትምህርቷ በርትታለች? እኛ፣ እኔም ባለቤቴ ሩሀማም ልጃችን ሳምሪም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እማዬ፣ ካንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም፤ አምላክ ይመስገን። ቦንጋ ዝናቡ አባርቶ፣ ቡናው ተለቅሞ፣ ገበያው ሞቅ ብሏል።

ዛሬ የምጽፍልሽ የደስታ ወሬ ነው። እማዬ የትውልድ ቀዬዋን ደካን አይታ መጣች።

አጎታችን ጋሽ ጉግሳ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው ከቤት መውጣት ካቆሙ ሰንብተዋል። «እህቴን ሳላያት ልሞት ነው» እያሉ ሰው ይልኩብናል። እማዬ ግን ያለፈው ዓመት ጉዞ ወገቧን ይዞ ካስተኛት ወዲህ ፒክአፔን ስታይ ፊቷን ታዞራለች። «ይቺ መኪና አይደለችም፣ ያልተገራች በቅሎ ናት» ትላለች። እውነቷን ነው። ከእኔ በፊት የነዳት ሰው ቡናና ማር እንድትችልለት ከኋላ ጭነት የሚሸከም ጠጣር የባሌስትራ ብረት ደርቦባት ነበር። ጭና ስትሄድ ደህና ናት፤ ባዶዋን ስትሆን ግን ቂጧን ሰቅላ አፍንጫዋን ትደፋለች፣ ጉድጓድ ባገኘች ቁጥርም ሰውን ከጣሪያ ጋር ታጋጫለች። መንገጫገጩን የሚያበርዱት ሾኮቿም ዘይታቸውን ጨርሰው ለስሙ የተንጠለጠሉ ነበሩ።

ባለፈው ወር ከደካ እንደገና መልእክት ሲመጣ እማዬ ጓሮ ገብታ ስታለቅስ አገኘኋት። በማግስቱ መኪናዋን ሙሌ ጋራዥ አስገባሁ። ሙሌ እዚህ የታወቀ መካኒክ ነው፤ ወሬ አያበዛም። የተደረበውን ባሌስትራ አውልቆ በለስላሳ ቀየረው፣ ከጅማ ያመጣሁትን ወፈር ያለ ሾክም በአራቱም ጎማ ገጠመ። ከፊት በኩል ግን የእኔ አጉል ምኞት ገባበት። እንደ መሥሪያ ቤት መኪኖች ቀና ብላ እንድትታይልኝ ፈልጌ «ፊቷን ከፍ አድርጋት» አልኩት።

«ከኋላዋ ጋር እኩል ከሆነች ይበቃታል። ከዚያ ካለፈች ትደርቃለች» አለኝ።

«ግድ የለህም፣ አጥብቀው» አልኩት። የፊቷን ከፍታ የሚያስተካክለውን ብሎን አጠበቀው።

ለሙከራ በማንኪራ በኩል ወጣን። ሙሌ መሪውን ያዘና እኔን እማዬ በምትቀመጥበት አስቀመጠኝ። እትዬ፣ ለካ መሪ ይዞ መንገድን ማለፍና እጅን አጣጥፎ መንገድን መቀበል ለየቅል ነው። አንድ ትልቅ ጉድጓድ ስንገባ ጥርሴ ተንገጫገጨ፤ ወገቤን ያዝኩ። ሙሌ ዞር ብሎ አየኝ። «በል መልሰህ ዝቅ አድርጋት» አልኩት። እዚያው ዛፍ ጥላ ሥር ክሪክ አስገብቶ ከፍ አደረጋትና፣ ግራና ቀኙን እየለካ ብሎኑን አላላው፤ ፊቷና ኋላዋ እኩል ሲሆን ቆመ። ስንመለስ ያንኑ ጉድጓድ አለፍነው። አንዴ ዝቅ ብላ ተነሳችና ጸጥ አለች።

እማዬን ማሳፈር ደግሞ ሌላ ሥራ ሆነ። ያሸነፈቻት ሩሀማ ናት፤ «እስከ ገበያው ብቻ ያድርስዎት» ብላ አስገባቻት። ገበያው ጋ ደርሰን ላዞር ስል እማዬ «ወዴት ነው የምትመልሰኝ? ወደ ደካ ንዳ እንጂ» አለችኝ። ለሩሀማ በሰው መልእክት ላክንላትና እማዬ በለበሰችው ነጠላ እንዳለች ሄድን።

ጋሽ ጉግሳ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። ለቅሶ ጠብቄ ነበር፤ እነሱ ግን «አረጀሽ»፣ «አንተስ ፀጉርህን የት ጣልከው» እየተባባሉ ይስቃሉ። ከዚያ ጋሽ ጉግሳ መኪናዋን አየት አድርገው «እኔንስ አታዞረኝም?» አሉ። ተሸክሜ አስገባኋቸው። ቤተ ክርስቲያን ተሳለሙ፣ በገበያው በኩል አለፍን፣ ልጅ ሆነው ያደጉበት ዳገት ድረስም ወጣን። ወሬያቸው ሁሉ በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ ነው። የእኔ ካፊኖኖ የገበያ ስለሆነ ግማሹ አመለጠኝ። ሰው ቆሞ ሰላም ሲላቸው ጋሽ ጉግሳ በመስኮት እጃቸውን እንደ ሹም ያነሱ ነበር።

ሰንብተን ስንመለስ እማዬን መንገድ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ያ ሁሉ ኮረኮንች አልቀሰቀሳትም። ቤታችን ደጃፍ ስደርስ እንዳትነቃብኝ ማቆሙ አሳሳኝና ከተማውን አንድ ጊዜ ዞርኩባት።

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስን እጅ ነሥቷል በይልኝ። ቀጸላን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ሩሀማ በናፍቆት ትስምሻለች፤ ሳምሪም አክስቴን ሰላም በልልኝ ብላለች። ጋሽ ጉግሳ ምርቃታቸውን ልከውልሻል። እማዬ ደግሞ «ለትንሣኤ ነይ፣ ደካ እኔ ራሴ እወስድሻለሁ በላት» ብላኛለች።

ወንድምሽ ለገሰ
ቦንጋ፣ ጥር 14 ቀን 1997 ዓ.ም.