ፎርማው እኔ ቤት ነው

ለቀድሞ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ ደህና ናት? እኛ ደህና ነን። ጤናህን የምጠይቅህ ናፍቀኸኝ አይደለም፤ ደብዳቤን ያለ ሰላምታ መጀመር ነውር ስለሆነ ነው። አንዱን ነገር ግን ከልቤ ማወቅ እፈልጋለሁ። እግርህ እንዴት ነው?

ባለፈው ሳምንት ከመኪና ስትወርድ አይቼሃለሁ። ጫፉ የሾለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጥቁር የሱቅ ጫማ ነበር ያደረግኸው። ፍም እንደሚረግጥ ሰው ነበር መሬቱን የምትረግጠው። ሹፌርህ ክንድህን ሊደግፍ ሲል ገፈተርከው። እኔ ከመንገዱ ማዶ ሳንቃ ተሸክሜ ነበር። ሳንቃውን ግድግዳ አስደግፌ፣ ደረጃውን ወጥተህ እስክትገባ ድረስ ቆሜ አየሁህ። ምንም አላስቸኮለኝም።

ይህን የምጽፈው ለአንተ ብቻ ነው። በጎረምሳነታችን እንጨት መሰንጠቂያው ውስጥ ስንሠራ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን በአንድ ፍራሽ ስንተኛ፣ ያስማልከኝን ታስታውሳለህ? ዝናብ አግኝቶህ ካልሲህ ስለራሰ ነበር እግርህን ያየሁት። ፊቱ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፤ አውራ ጣቱ ከወንድሞቹ እንደተጣላ ሰው ብቻውን የወጣ፤ ትንሿ ጣት ደግሞ ጎረቤቷ ላይ የተፈናጠጠች። እኔ አልሳቅኩብህም። አንተ ግን በሁለት እጅህ ሸፈንከውና፣ «ለሰው ትናገርና ወዳጅነታችን እዚያ ላይ ያበቃል፤ ማልልኝ» አልከኝ። ማልኩልህ። ወዳጅነታችን በሌላ ነገር አበቃ፤ መሐላው ግን አለ። ባለቤቴ ሳልነግራት ሞተች። ልጄም እስከ ዛሬ ከእኔ አፍ አልሰማችም። ለራስህ መጻፍ መሐላ ማፍረስ አይደለም፤ አስቤበታለሁ።

ልጄ ሕፃኑን ታቅፋ በርህ ላይ የቆመችበትን ቀን እንዳልረሳኸው አውቃለሁ። ያስረገዛትን ልጅህን ገና ሆዷ ሳይገፋ ወደ ውጭ አገር አሻግረኸዋል፤ ስልኩንም ቀይሯል። በሩን የከፈትከው ፊትህ ብቻ እስኪታይ ነበር። «ይህ ልጅ ከእኛ ወገን አይደለም» አልክ። ሕፃኑ ሲንፈራገጥ አንድ እግሩ ከመጠቅለያው ወጣ። አየኸው። ስታየውም አየሁህ። ፊትህ ጠቆረ፤ ከዚያ ጎረቤት እንዲሰማህ ድምፅህን ከፍ አድርገህ፣ «እንዲህ ያለ እግር በእኛ ቤት ታይቶ አይታወቅም! የእናቱን ወገን ጠይቁ!» አልክ። ከኋላህ የቆመችው ባለቤትህ አንገቷን ደፋች። ወደ እኔ ዞረህም፣ «አናጢው፣ በር መሥራት ትተህ በር ማንኳኳት ጀመርክ እንዴ?» አልከኝና ዘጋኸው። ያንን በር የሠራሁት እኔ ነኝ። ቤትህን ስትጨርስ በስጦታ ያመጣሁልህ ነው። ሲዘጋ ድምፅ እንዳያሰማ አድርጌ ነበር የገጠምኩት፤ ያን ቀንም ድምፅ አላሰማም።

ልጄ ያንን ቃልህን ይዛው ቀረች። «አባዬ፣ እርጉዝ ሆኜ ከባድ ስለተሸከምኩ ይሆን?» ትለኛለች። ሌላ ቀን ደግሞ፣ «ያ የዋጥኩት የራስ ምታት መድኃኒት ይሆን?» ትላለች። እኔ «አይደለም» እላታለሁ። «ታዲያ ከየት መጣ?» ስትለኝ መጋዜን አነሣለሁ። የአንተን ነውር ተሸክማ ስታለቅስ እየሰማሁ እንጨት ስሰነጥቅ ኖሬያለሁ።

ልጁ መቆም ሲጀምር ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሐኪሙ አገላብጦ አየውና፣ «እግሩ ጤነኛ ነው፤ አጥንቱም ደህና ነው። የተለየ ቅርጽ ነው እንጂ በሽታ አይደለም። በማይሆነው ጫማ ካሰራችሁት ግን ይጣመማል። ልኩን ፈልጉለት» አለን። ልኩን ፈልጉለት ማለት ለእሱ ምን ቸገረው!

በከተማው ያልገባንበት ጫማ ቤት የለም። አንዲት ሻጭ እግሩን አይታ፣ «አባባ፣ ዳክዬ ነው እንዴ ያመጡልኝ?» ብላ ከጓደኛዋ ጋር ተሳሳቀች። «አንቺ ጫማውን አስገቢለት፤ ዳክዬውን ለእኔ ተይው» አልኳት። አልገባም። ሌላው፣ «ሁለት ቁጥር ጨምረው ይግዙለት፤ ፊት ለፊቱን ጥጥ ይጠቅጥቁበት» ብሎ መከረኝ። ገዛሁ። በስፋት ልክ ሲሆን ተረከዙ እየወለቀ ልጁ በአገጩ ተደፋ። ክፍት ጫማ ብናደርግለት ማሰሪያው ትንሿን ጣት ልጦ አደማት። በመጨረሻ የጫማ ካርቶን ሲያይ ጣቶቹን አጥፎ እናቱ ቀሚስ ውስጥ መደበቅ ጀመረ። የሠፈሩ ልጆች ሲሮጡ እሱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ በእጁ መሬት ይመታል። ያኔ አንተን አሰብኩህ። እያንዳንዷን ልቅሶውን በአንተ ስም ነው የያዝኳት።

ጨረስኩ ስል አንድ ሰው ከገበያው ጀርባ ያለውን ሽማግሌ ጫማ ሰፊ ጠቆመኝ። መነጽሩን በሲባጎ ያሰረውን። ማን እንደሆነ ታውቀዋለህ፤ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ። ልጁን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ጫማ ሰፊው እግሩን በመዳፉ ያዘና ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ልጁም አላለቀሰም። ሰውዬው ተነሣ፤ በርጩማ ላይ ወጥቶ ከላይኛው መደርደሪያ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወረደ። ጫማ የሚወጠርበት የእንጨት እግር ነበር፤ እነሱ ፎርማ ይሉታል። ከልጁ እግር አጠገብ አኖረው። አንዱ የአውራ በግ፣ አንዱ የግልገል ያህል ነው እንጂ ልዩነት የለውም። ያች የተፈናጠጠች ጣት ሳትቀር።

«ጋሼ፣ ይህን እግር ስሰፋለት ነው የኖርኩት። ፎርማውን የጠረበው ሟቹ አባቴ ነው» አለኝ። «ባለቤቱን ግን አልነግርዎትም። በጓሮ በር ነው የሚመጣው፣ መብራት ሳይበራ።»

«አትንገረኝ» አልኩት።

ትንሽ ፎርማ መጥረብ አልችልም ሲለኝ፣ ያንተን በመሣሪያ ከረጢቴ ይዤ ቤቴ ሄድኩ። ከእሱ እየለካሁ በመሮና በሞረድ የልጁን አወጣሁ። ጫማ ሰፊው በዚያ ላይ ሰፋልን። ጠርዙ እንዳይነካው ለስላሳ ቆዳ አለበሰው፤ ዘለበቱን በጎን በኩል አደረገው፤ እንዲህ ያለ እግር መሐል ለመሐል ከታሰረ ይታመማል አለኝ። ታውቀዋለህ። ስለ ቀለሙ ሲጠይቀኝ፣ «ለዚያኛው ምን ዓይነት ነው የምትሰፋለት?» አልኩት። «ደማቅ ቡኒ» አለ። «ያው ይሁን» አልኩ። አልደብቅህም፤ ቅርጹ ለልጁ ምቾት ነው፣ ቀለሙ ግን ላንተ ነው።

ጫማውን ያጠለቀለት ቀን ልጁ ቆሞ እግሩን አየ። ልቅሶውን ጠበቅን። አንድ ተራመደ፤ ቆመ፤ እንደገና ተራመደ። ከዚያ ማን ይያዘው! ሱቁን ሲዞር፣ ሶሉን ሲያንኳኳ ዋለ። ማታ አላወልቅም ብሎ ጫማውን አድርጎ ተኛ።

የነዋሪዎች ስብሰባ ሲጠራ ልጁን ይዤ የመጣሁት ያንን ቀለም እንድታየው ነበር። አንተ መድረኩ ላይ እግርህን አነባብረህ ስለ ውኃ ቱቦው ስታስረዳ ነበር። እኔ ከልጄ ጋር ፊት ረድፍ ተቀመጥኩ። ልጁን ጭኔ ላይ ይዤው ነበር፤ ከዚያ ለቀቅኩት። ሌላ ያደረግኩት የለም። ኳ ኳ እያለ ሄደና ፊትህ ቆመ። ያንተን ጫማ አየ። የራሱን አየ። ቁጢጥ ብሎ ያንተን ዘለበት ነካና፣ «የኔ» አለ። ከዚያ እግሩን ካንተ እግር ጎን አድርጎ ደረደረው። አዳራሹ ሳቀ፤ ለሕፃን እንደሚሳቅ። ቧንቧ ሠራተኛው ከኋላ፣ «ሰብሳቢያችን፣ ከአንድ ሱቅ ነው እንዴ የገዛችሁት?» ብሎ ጮኸ። ሳቁ መጀመሪያ ፊት ረድፍ ላይ ቆመ፤ ከዚያ እየቆመ ወደ ኋላ ሄደ። እግርህን ወንበሩ ሥር ደበቅከው። ከሕፃን! «ይህን ልጅ አንሡልኝ» አልክ። እኔ ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም። ያነሣችው እናቱ ናት።

ስንመለስ፣ «አባዬ፣ ታውቅ ነበር?» አለችኝ። «ምኑን?» አልኳት። መንገዱን በሙሉ አንድ እግሩን በመዳፏ ይዛ ሄደች። ጠርጥራለች፤ ሰው ግን በጥርጣሬ ብቻ ዕንቅልፍ አይወስደውም። አሁንም አንዳንድ ቀን ያንን የራስ ምታት መድኃኒት ታነሣለች።

ከስብሰባው በኋላ አንድ ማለዳ የበራችን እጀታ ላይ የሱፍ ካልሲ ተንጠልጥሎ አገኘን። ትንሽ፣ ፊቱ ሰፊ፣ ለአውራ ጣቱ የብቻ ቦታ የተተወለት። እንዲህ ያለ ካልሲ በሱቅ የለም። ልጄ፣ «ማን ነው ይህን መሥራት የሚችል?» አለች። እኔ አሁንም መጋዜን አነሣሁ።

ይኸኔ ነው ስሕተትህን የሠራኸው። ጫማ ሰፊው ላብ አጥምቆት ቤቴ መጣ። «ጋሼ፣ ለልጁ ሌላ አልሰፋም። ሰውዬው ደንበኛዬ ብቻ አይደለም፤ ሱቁ የእሱ ነው። ብትሰፋ ዕቃህን መንገድ ላይ ታገኘዋለህ ብሎኛል» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እባክዎ ፎርማውን ይመልሱልኝ» አለ። ለካ ከመቆጣትህ በፊት ፎርማህ የት እንዳለ አልጠየቅክም! የልጁ እግር አድጎ ስለነበር ሁለተኛውን ልኬት ልጠርብ እንደገና ወስጄው ነበር። «አለ፤ አልሰጥህም» አልኩት። «እኔ ምን ልበለው?» አለኝ። «አናጢው ቤት ነው በለው» አልኩት። አዘንኩለት፤ ፈሪ ነው እንጂ ክፉ አይደለም።

ለልጁ የሚሰፋለት አጥቶ ባዶ እግሩን ደረጃ ላይ ይመለሳል ብለህ ከሆነ፣ ከእኔ ጋር በአንድ ፍራሽ የተኛኸው በከንቱ ነው። ማንበብ ማን አስተማረኝ? መጋዝ ማን አስያዘኝ? ራሴው ነኝ። የጠበበውን ጫማ ስፌት በስፌት ፈታሁት፤ ቆዳውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አጠናሁት፤ ወስፌና ማስቲሽ ገዛሁ። ጣቴ ወንፊት ሆኗል። የመጀመሪያው ጥንድ ጡብ ነው የሚመስለው፤ ልጄ እስኪያማት ነው የሳቀችው። ልጁ ግን ይሮጥበታል። ሁለተኛው ከዚያ ይሻላል። ቀለሙ ያው ደማቅ ቡኒ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ አልቀይረውም።

ቡኒውን ጫማህን ከስብሰባው ወዲህ አድርገኸው አላየሁም፤ ለአንተስ ሌላ ማን ይሰፋልሃል? ጫማ ሰፊው መጥረብ አይችልም። አዲስ ፎርማ ከፈለግክ ለማታውቀው ሰው ካልሲህን ልታወልቅ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሚጠርብ አናጢ ማን ነው ብለህ ብትጠይቅም ወደ እኔ ነው የሚልኩህ።

ስለዚህ ስማኝ። ፎርማህን አልሰነጠቅኩትም፤ እሳትም አልጨመርኩትም። በጨርቁ እንደተጠቀለለ ከበሩ ትይዩ መደርደሪያ ላይ አለ። ና ውሰደው። የእኔ ቤት የጓሮ በር የለውም። በቀን፣ ሰው እያየህ ትመጣለህ። ልጁ በር መክፈት ተምሯል፤ እሱ ይከፍትልሃል። ገብተህ ልጄ ፊት ትቀመጣለህ። ያንን የሾለ ጫማህን ታወልቃለህ። ካልሲህንም። እግርህን ከልጁ እግር አጠገብ ታኖራለህ። አንድ ቃል መናገር አይጠበቅብህም። እኔም አልናገርም፤ ምዬልሃለሁ። ልጄ ዓይን አላት።

ከዚያ ፎርማህን ይዘህ መሄድ ትችላለህ። ይቅርታ በለኝ ብዬ አልለምንህም፤ ብትለኝም አልቀበልህም፤ አትድከም።

አልመጣም ካልክ ደግሞ በሱቅ ጫማህ ሂድ። እኔ ሳንቃዬን ግድግዳ አስደግፌ አይሃለሁ።

ፈጣሪ ዕድሜህን ያርዝመው። ምርቃቱ ከልቤ ነው። ልጁ አድጎ ያ ትልቁ ፎርማ ልኩ እስኪሆን፣ በእሱ ላይ የተሰፋ ጫማ አድርጎ በደጃፍህ ሲያልፍ እስክታየው ድረስ ያቆይህ።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ። ካልሲው ልኩ ነው በላት።

ከልጁ ሁለት አያቶች አንዱ