የድብልብሌ ጆሮ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ከረምሽ ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ ግን የምነግርሽ ነገር ስለማያስቆየኝ ሰላምታው ይቆየን። በስልክ እንዳልነግርሽ ደግሞ አውቅሻለሁ፤ "ድስት ጥጃለሁ" ብለሽ ትዘጊብኛለሽ።

ትናንት መጽሐፍ መሸጫው ውስጥ አዲሱን የድብልብሌ መጽሐፍ ለልጆች ሳነብ ነበር። ድብልብሌን መቼም አትረሺውም፣ ከጨርቅ የሰፋሽው አንቺው ነሽ። ክብ፣ ጸጉራም፣ ካልሲ የሚበላ፣ ሲያስነጥሰው ወደ ኋላ የሚንከባለል ጉድ። ጆሮው አንድ ብቻ። በልጅነቴ "ሌላውስ የት ሄደ?" ስልሽ "ሰው ጋ ነው" ትይና መርፌሽ ላይ ታቀረቅሪ ነበር። እኔም አድጌ ከዚያች መልስሽ ስንት መጽሐፍ አወጣሁ! ድብልብሌ ጆሮውን ፍለጋ ድስት ውስጥ ይገባል፣ የጎረቤት ልብስ ማስጫ ላይ ይንጠለጠላል፣ የአስተማሪ ቦርሳ ይፈትሻል፤ በየመጨረሻው ገጽ ባዶ እጁን ይመለሳል። ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። ሥዕሉን ስስል እኔም ብቻዬን እስቅ ነበር።

አንብቤ ስጨርስ አንዲት ሕፃን "ጆሮው መቼ ነው የሚገኘው?" አለችኝ።

"ከተገኘማ ሥራ ፈታሁ!" አልኳት።

ከኋላ የቆመች ሴት "እኔ ጋ ነው" አለች።

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ ጸጉሯ ጣል ጣል ብሎ ሸብቷል። ልጆቹ እስኪወጡ ጠበቀችና ከቦርሳዋ የጨርቅ ጆሮ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ከመታሸት ብዛት ሳስቷል። ገልበጥ ሳደርገው ጫፉ በቀይ ክር ተቋጥሯል። እማዬ፣ በጥቁር ልብስ ላይ እንኳ በቀይ ክር የምትቋጥር ልብስ ሰፊ ከአንቺ ሌላ አላውቅም። ደንበኞችሽ ስንቴ ተጣልተውሻል! ክው አልኩ።

"ማነው የሰጠሽ?" አልኳት።

"እናቴ። አባቴ ዘንድ ትታኝ የሄደች ቀን ከአሻንጉሊቴ ላይ ፈታ ሰጠችኝ። 'ድብልብሌን እኔ ይዤው እሄዳለሁ፤ ጆሮው ግን አንቺ ጋ ይቅር፤ ስታለቅሺ በዚህ ይሰማሻል' አለችኝ። አፌን ጆሮው ላይ ገጥሜ ሳወራ አደግሁ፤ አብዳለች ይሉኝ ነበር። ባለፈው ልጄ መጽሐፍሽን ከትምህርት ቤት ይዛ መጣች። ስሙን ሳየው ደርቄ ቀረሁ።"

ኧረ እማዬ! እኔ አንድዬ ልጅሽ ነኝ ብዬ ስሞላቀቅብሽ፣ እህት ውለጂልኝ ብዬ ሳለቅስብሽ፣ እንዴት ሆድሽ ቻለው? አንጀቴ እርር ብሏል፤ አልዋሽሽም። ያን ሁሉ ሰው ያሳቅሁበት ጆሮ ለካ የእህቴ ዕንባ ሲፈስበት የኖረ ነው! ደግሞ ደስ ብሎኛል፤ ደስ ማለቱ ራሱ አናዶኛል። ስትደነግጥ እንዳንቺ አውራ ጣቷን መዳፏ ውስጥ ትደብቃለች።

ለምን እንደሄድሽ አልጠየቀችኝም። እኔ ስለ አንቺ ይቅርታ ልጠይቃት ስል "ተይው" አለችኝ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ "ትሰማኝ ነበር?"

ቅዳሜ ይዣት እመጣለሁ። ድስት ጥጃለሁ እንዳትይኝ። ድብልብሌን ከቁም ሳጥኑ አውርጂው፤ በሩን ክፈቺና አንቺው መልሺላት።

ታናሿ ልጅሽ