የአጥር ሥሩ ጉቦ

አምቦ፣ ጥቅምት 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እናቴ፣ ለሃርሜ፣

እንደምን ሰነበቱ ሃርሜ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ያ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚነሳብዎት ቁርጥማት ዘንድሮ ለቀቅ አደረገዎት ወይ? ላሚቱስ ወለደች? የጓሮው አጥር ታጠረ ወይስ የጎረቤት ፍየል አሁንም እንደ ልቧ ነው የምትገባው? እኔ አንድዬ ይመስገን ደህና ነኝ። እዚያው ማዘጋጃ ቤት እንደተጎለትኩ ነኝ፤ ወንበሬን ቀየሩልኝ እንጂ እኔ አልተቀየርኩም።

ይህን የምታነብልዎት የእህትዎ ልጅ መቲ እንደሆነች አውቃለሁ። መቲዬ፣ መምህርት ነሽና ማረም ሳትወጂ አትቀሪም፤ አደራሽን ክፉ ክፉውን እየዘለልሽ ደግ ደጉን ብቻ እንዳታነቢላቸው። እንዳለ አንብቢው። በኦሮምኛ ብጽፍልዎት ደስታዬ ነበር ሃርሜ። አፌ ላይ አለ፣ ያስተማሩኝም እርስዎ ነዎት፤ ቁቤውን ግን አዲስ ዓለም ስማር አላስተማሩኝም፣ እጄ አይሄድልኝም። ስልክ ብደውል ደግሞ ወይ እጮሃለሁ ወይ አለቅሳለሁ። ወረቀት ይሻላል፤ ወረቀት ላይ ሰው ሲጮህ አይሰማም።

ሹፌሩ ጂራ መልእክትዎን አድርሶኛል። ባለፈው ቅዳሜ ሚኒባሱን በሬ ላይ አቁሞ ገባና፣ ሃርሜ ሰላም ብለውሻል፣ ለዘር የተውኩትን ጉቦ ፍልፈል በላብኝ፣ የአንጮቴ ዘር ላኪልኝ፣ የሚበላም ካለሽ ጨምሪበት ብለዋል አለኝ። ከልጅዎ ከቀንዓ ከተፋታሁ ወዲህ ከእርስዎ የመጣልኝ የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። አስታወሱኝ ብዬ ገና ልደሰት ስል፣ ያ አፈ ቀላል ጂራ ቀጠለና፣ የሚበላው እንኳ ለአራሷ ነው፣ የቀንዓ ሚስት ሃዊ ወንድ ልጅ ተገላገለች አለኝ።

ጉድ በል አምቦ! የአንጮቴ ሥር አራስን ያጠነክራል፣ የተሰበረ አጥንት ይጠግናል ብለው ያስተማሩኝ እኮ እርስዎ ነዎት። ባኮ በመጣሁ ቁጥር ቀቅለው፣ ልጠው፣ በቅቤ ለውሰው፣ ብዪ ልጄ፣ ለወገብሽ ነው፣ ልጁ ሲመጣ ጠንክረሽ ያገኝሻል ይሉኝ ነበር። በላሁ። የመጣ የለም። አሁን ደግሞ እኔ ያበቀልኩትን እሷ ልትበላው ነው! መደበቅ ምን ያደርጋል ሃርሜ፣ ቀናሁ።

የለኝም በላቸው አልኩት። ዘንድሮ አልያዘልኝም አልኩት። ይህን የምለው የት ቆሜ እንደሆነ ይስሙኝ፤ ከኋላዬ አጥሩ ሙሉ የአንጮቴ ሐረግ ነው፤ ፍሬው ቀልቶ ቀልቶ በርበሬ የተሰጣ ይመስላል። ጂራ አጥሩን አየ፣ እኔን አየ፣ እሺ ብሎ ወጣ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን ጠርቼ አልመለስኩትም።

መቼም ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ ስለዚያ አጥር ላጫውትዎት። እዚህ የጓሮ ማኅበር አለን። ጡረታ የወጣችው ነርስ፣ ወይዘሮ መንበረ፣ ግቢ ውስጥ ነው የምንሰበሰበው። የአበሻ ጎመን፣ ዱባ፣ በሶብላ፣ ፌጦ፣ ያለን ላጣችው እናካፍላለን። ዘር አይሸጥም። እርስዎ ከሰጡኝ ዘር የበቀለው አንጮቴ አሁን ከመናኸሪያው ጀርባ እስከ ወንዙ ድረስ ያልገባበት ጓሮ የለም። ሁሉም ከእኔ አጥር ሥር የወጣ ነው።

ታዲያ በግንቦት ምን ሆነ መሰለዎት? ሮዛ የምትባል ከደሴ የመጣች ጎረቤት አለችኝ፤ ባሏ ባንክ ነው የሚሠራው፣ ኦሮምኛ ገና አልገባትም። ለመንበረ ስልክ ደውዬ፣ ጉቦው በጣም ወፍሯል፣ አጥር ሥር ነው ያለው፣ አፈር አልብሼዋለሁ፣ እግዜር ያሳይሽ ዘንድሮ ለሁላችንም ይበቃል ስላት ለካ ከአጥር ወዲያ ቆማ ትሰማለች። እኔ ደግሞ ማዘጋጃ ቤት የምሠራ ሴት! ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም ስላት በአንገቷ ብቻ ትመልስልኛለች። ምን በደልኳት እያልኩ ስብሰለሰል፣ እሷ ለካ መንበረ ዘንድ ሄዳ፣ ይቺ ሴትዮ ጾመኛ ትመስለኝ ነበር፣ ጉቦ እየበላች ጓሮዋ ትቀብራለች፣ እናንተም ተካፋይ ናችሁ ወይ ብላታለች። መንበረ ስቃ ስቃ ወገቧን ይዛ ነው የመጣችው። ሮዛን በእጇ እየጎተተች አጥሬ ሥር አቆመቻትና፣ ጉቦው ይኸውልሽ አለቻት። ሌላውን አንጮቴ በየዓመቱ ቆፍረን እንበላዋለን፣ ይህን ግን ለዘር ብለን አንነካውም፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ራሱ አቆጥቁጦ ያፈራል፣ በኦሮምኛ ስሙ ጉቦ ነው ብለን አስረዳናት። ሮዛ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ወሬው ቢሮ ደርሶ ይኸው እስከ ዛሬ አለቃዬ ጭምር ጉቦሽ እንዴት ከረመ ይለኛል።

ማኅበራችን አንዲት ሕግ አለቻት፤ ያቺም የእርስዎ ናት። ያኔ አዲስ ሙሽራ ሆኜ፣ ዘሩን በሹፌር ይላኩልኝ ብዬ ስደውል ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ? ዘር እንደ ሲሚንቶ አይጫንም፤ የፈለገች መጥታ ትውሰድ አሉኝ። እያጉረመረምኩ ባኮ ድረስ መጣሁ። ጓሮዎ አስቀምጠው ፍሬውን በእጄ አስፈርጠው፣ ዘሩን በአመድ አሳሽተው፣ የትኛው ይበቅላል የትኛው ባዶ ነው እያሉ ሲያስለቅሙኝ ዋልኩ። እዚህም እንደዚያው ነው የምናደርገው። በወረቀት ጠቅልለን የሰጠናት ሁሉ አይጥ አስበልታዋለች፤ መጥታ በእጇ ያወጣችው ግን ትይዘዋለች።

እና ጂራን ዋሽቼ በሸኘሁት ማግስት፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሮዛ ተራዋ ደርሶ ዘር ልትወስድ መጣች። አጥሩ ሥር ተቀምጠን ስናሽ፣ አንቺ ከማን ነው ያገኘሽው አለችኝ። ከእናቴ አልኳት። አስቤ አይደለም፣ አፌ ነው ያለው። እናትሽ የአዲስ ዓለም ሰው አልነበሩም እንዴ፣ እዚያም ይበቅላል ማለት ነው አለች። ነፍሷን ይማረውና የወለደችኝ እናቴ አንጮቴን በዓይኗም አይታው አታውቅም። አመድ ዓይኔ ገባ ብዬ ተነሳሁ።

እንግዲህ የሆዴን ልንገርዎት። መቲ፣ እዚህ ላይ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊና አንብቢ።

ሽማግሌዎቹ የተሰበሰቡ ዕለት፣ ቀንዓ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ዘር አልሰጠችኝም ብሎ ሲናገር፣ እኔ ያየሁት እሱን አይደለም፤ እርስዎን ነው። አንዲት ቃል ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። ልጄ ናት ይሉ ይሆናል፣ እግዜር ነው የሚሰጠው ይሉ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። እርስዎ የነጠላዎን ጫፍ ይቋጥራሉ፣ ይፈታሉ። አንድም ነገር ሳይሉ ጉባኤው ተበተነ። ቀንዓን ከማርኩት ቆየሁ ሃርሜ፤ ባል ይመጣል ይሄዳል። የእርስዎ ዝምታ ግን እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ ነው። ባል ብቻ መስሎኝ ነበር የሚፈታው፤ ለካ እናትም ትፈታለች።

ሃዊ ግን ምን አደረገችኝ? እሷ ስትገባ እኔ ወጥቻለሁ። አራስ ደግሞ አራስ ናት፤ የሰው ቂም አይያዝባትም። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሳልገባ ቆፈርኩ። ጉቦውን አይደለም፣ የዘንድሮውን። ነገ ጂራ ሲያልፍ ከረጢቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር እሰጠዋለሁ። ለስለስ ያሉትን መርጬ ነው፤ ቶሎ ይበስላሉ። እንደ እኔ ጊዜ ቅቤ አያብዙባት፣ ያንገሸግሻል፤ አፍሬ ነበር እንጂ እኔንም ያንገሸግሸኝ ነበር።

ዘሩን ግን ከረጢቱን ገልብጠው አይፈልጉት፤ የለበትም። ሕጉ የራስዎ ነው፤ የፈለገች መጥታ ትውሰድ። ባኮና አምቦ አገር ለአገር አይደለም። ጂራ ከደጅዎ አንስቶ ከደጄ ያወርድዎታል፤ ነግሬዋለሁ፣ ጋቢና ይይዝልዎታል። ፍሬው ከኅዳር ሚካኤል በላይ አይቆይልዎትም፣ ወፉ ጀምሮታል። ሮዛ ይህን ብትሰማ፣ ከረጢቱ ለሴትዮዋ የተላከ ጉቦ ነው ትል ይሆናል። አልተሳሳተችም። እርስዎን ለማምጣት ሌላ ምን አለኝ?

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ሰኞ ዕለት ጂራን ፍለጋ መናኸሪያ ሄጄ፣ ዋሽቼህ ነው፣ አንጮቴ አለኝ አልኩት። አውቃለሁ፣ ለሃርሜም የለኝም ብላለች አላልኳቸውም፣ አልደረሰም ነው ያልኳቸው አለኝ። እግዜር ይስጠው። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ ልጁን ማን አሉት ብዬ ጠየቅኩት።

ገመቺስ አለኝ። አባቱ ሌላ ስም ይዞ ነበር፤ ሃርሜ ግን ከዚህ ሌላ አይሆንም ብለው አሻፈረኝ አሉ፣ ከየት እንዳመጡት የሚያውቅ የለም አለኝ።

ሃርሜ፣ እኔ ለምወልደው ልጅ ያሰብኩትን ያንን ስም በዚህ ዓለም ላይ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገርኩት። ለቀንዓም አልነገርኩትም። እርስዎም ያኔ፣ ሆድ ሳይገፋ ስም አይጠራም ብለው አፌን ያዙኝ። መናኸሪያው መሃል ቆሜ መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ይህችንም ሰጡብኝ አልኩ። ከዚያ አለቀስኩ። ጫት የምትሸጠዋ ሴትዮ ወንበር ለቀቀችልኝ። ከየት እንዳመጡት ለጂራ አልነገርኩትም፤ ለማንም አልናገርም። ለምን እንዳወጡለት ግን በሹፌር አይላኩብኝ። መጥተው ይንገሩኝ።

ለሃዊ እንኳን ማርያም ማረችሽ ይበሉልኝ። እናንተ ቤት እንዲህ እንደማይባል አውቃለሁ፣ እኔ የማውቀው ግን ይህንኑ ነው። መቲ፣ አንብበሽልኛልና ዕድሜ ይስጥሽ። እርስዎንም ጉልበትዎን ያበርታልዎ፣ የሚመጡበትን መንገድ ሰላም ያድርግልዎ። ገመቺስን ግንባሩን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ