በጥርሴ የሰማሁት

ኅዳር ፱፣ ቅዳሜ ጠዋት

የኔ ዓለም፣ ልጄ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሆድሽ ገፍቶ ጫማሽን ማሰር እንዳቃተሽ ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። እኔም አንቺን አርግዤ የአባትሽን ነጠላ ጫማ እየጎተትኩ ነበር ገበያ የምሄደው። እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ፣ ጨው ቀንሺ፣ ከባድ ነገር እንዳታነሺ አደራ።

«እማዬ፣ ስወልድ አጠገቤ ሁኚልኝ» ብለሽ ስትለምኚኝ ይኼ ሦስተኛሽ ነው። ሁለቴ እምቢ አልኩሽ፤ ምክንያቴንም አልደበቅኩሽም። ጆሮዬ ከተዘጋ አሥር ዓመት አለፈው። ሕፃን ሲያለቅስ የማትሰማ አያት ምን ትጠቅምሻለች? አንቺ ደክሞሽ እንቅልፍ ሲጥልሽ፣ ልጁን ትን ቢለው፣ እኔ እዚያው ጀርባዬን ሰጥቼ የሽንት ጨርቅ እያጠፍኩ ብገኝስ? የምፈራው ይህን ነው። አንቺ ግን «ጆሮሽን አይደለም የፈለግሁት፣ አንቺን ነው» ብለሽ መለስሽልኝ። ደብዳቤውን የስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

አሁን ግን የሆነውን ልንገርሽ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ቆመሽ የሚነበብ አይደለም።

የወንድምሽን ልጅ በፎቶ ብቻ ነው የምታውቂያት። ጢንዚዛ ያልናት እጅና እግሯ ማረፍ ስለማያውቅ ነው። የሙዚቃ አስተማሪዋ «እያንዳንዳችሁ ቤት ካለ ዕቃ የሙዚቃ መሣሪያ ሠርታችሁ ኑ» ብላ አዘዘች። በቃ፣ ቤቱ ቤት መሆኑ ቀረ! ጠርሙስ የተባለ ሁሉ፣ አንዱ እስከ አንገቱ፣ አንዱ እስከ ወገቡ ውሃ ተሞልቶ መስኮቱ ላይ ተደረደረ። ወንድምሽ ለሥራው ያመጣው የፕላስቲክ ቧንቧ አጭርና ረጅም ሆኖ ተቆራረጠ፣ አፉም ላይ ፊኛ ተወጠረበት። ለቀሚስ ወገብ የገዛሁት ላስቲክ የጫማ ካርቶን ላይ ተጠመጠመ። ወንድምሽ ሁለት ጆሮውን ይዞ ከቤት ሲወጣ አየሁትና «ዛሬስ መደንቆሬ በጀኝ!» አልኩ።

ጢንዚዛ ግን እኔን ከጨዋታው ውጪ ማስቀረት አልወደደችም። እጄን ጎትታ ወጥ ቤት አስገባችኝ። ጎድጓዳ ሳህን ላይ ፌስታል ወጥራ ዙሪያውን አስራዋለች፣ ከላይ ስኳር በትናለች። ጎንበስ ብላ አፏን ስትከፍት ስኳሩ ዘለለ። ማንም ሳይነካው፣ ሳህኑም ሳይነቃነቅ፣ እንደ ቁንጫ ዘለለ! ትንፋሿ ነው ብዬ በመዳፌ አፏን ጋረድኩ፤ አሁንም ዘለለ። ቀስ ብላ ስታጉረመርም ወደ ዳር ዳር ይሳባል፣ ስትጮህ ይፈነጠራል፣ ዝም ስትል ዝም ይላል። ድምፅዋን በዓይኔ እያየሁት ነበር። ድምፅ የሚባል ነገር ከዚህ ቤት ጓዙን ጠቅልሎ የሄደ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አንድ ቀን እንኳ አልተለየንም። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ። ያን ቀን ወጡ አረረብኝ።

ማክሰኞ ደግሞ ደሜን አፈላችው። አባትሽ ከእንጨት የሠራልኝን የአዝራር ሳጥን፣ አዝራሩን አልጋ ላይ ዘርግፋ ወስዳዋለች። በዚያ ላይ ረጅሙን የመለኪያ እንጨቴን ሳጥኑ ላይ በሚስማር መትታ ናይለን ክር ወጥራበታለች። የሰው የሠርግ ቀሚስ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ፣ ሙሽራዋ ማታ ልትወስደው ቀጠሮ ይዛ፣ መለኪያ የለም!

«ምን ቁርጥ አድርጎሽ ነው የሥራ ዕቃዬን የምትነኪው!» ብዬ እንጨቱን ያዝኩ። እሷም ሳጥኑን አልለቅም አለች። ጨርቁ ሊንሸራተትብኝ ሆነ፤ በአንድ እጄ እሱን ያዝኩ፣ በሌላው መቀስ አለ። መቼም ታውቂኛለሽ፣ የልብስ ሰፊ ሦስተኛ እጁ አፉ ነው፤ ክሩንም መርፌውንም በጥርሴ ይዤ ነው ያረጀሁት። የእንጨቱን ጫፍ ነከስኩት። ያቺ እልኸኛ ክሩን ሳብ አድርጋ ለቀቀችው።

በጆሮዬ አይደለም የመጣው። በጥርሴ ገባ፣ በመንጋጋዬ አለፈ፣ ጭንቅላቴን ሞላው። ወፍራም፣ ረጅም፣ እየቀጠነ እየቀጠነ የሚሄድ ድምፅ። መቀሱ ከእጄ ወደቀ፣ ሲወድቅ ግን አልተሰማኝም። እንጨቱን ከአፌ አወጣሁት፤ ዝም። መልሼ ነከስኩትና ድገሚ ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠኋት። ደገመችው። አለ! ልጄ፣ አለ! ክሩን በጣቷ ስትጫነው ይቀጥናል፣ ስትለቀው ይወፍራል። ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ የለካሁበት እንጨት ውስጥ ይህ ሁሉ ነበረ ማለት ነው።

ጢንዚዛ ዓይኔን አይታ ገባት። ምንም ሳትጠይቀኝ ከንፈሯን ሳጥኑ ላይ ለጥፋ ተናገረች። ሰማኋት።

ይህችን ልጅ ከተወለደች ቀን ጀምሮ አቅፌአታለሁ፣ አጥቤአታለሁ፣ ፀጉሯን ሠርቻታለሁ። ድምፅዋን ግን ሰምቼው አላውቅም ነበር። በሐሳቤ ቀጭን የወፍ ድምፅ ሰጥቻታለሁ። የመጣው ጎርናና፣ ሻካራ፣ ጉንፋን የያዘው የሚመስል፣ ልክ አንቺ በልጅነትሽ ደጅ ስትጮሂ ውለሽ ስትገቢ የምታወጪው ድምፅ ነው። ያንቺው ነው፣ ቁርጥ ያንቺ! ደግሞ ምን አለችኝ መሰለሽ?

«እማማ፣ ካልሰማሽኝ ልሰድብሽ ነው።»

«ሞክሪና ጥርስሽን አረግፍልሻለሁ!» አልኳት።

ዓይኗ ፈጠጠ። ከዚያ ሳጥኑን ለቃ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፣ ሁለታችንም የሰው ቀሚስ ላይ ተንሰቀሰቅን። እንባው ያረፈበትን ደግሜ መተኮስ ነበረብኝ።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ያልነከስኩት የለም። ማቀዝቀዣው ለካ ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም ነው የሚውለው። የስፌት መኪናዬን በእግሬና በመዳፌ ብቻ ነበር የማውቃት፤ እንጨቴን አስደግፌ ሳዳምጣት ስታቃስት ሰማኋት፣ ወዲያው ዘይት ጠብ አደረግኩላት። ወንድምሽ ከሥራ ሲገባ፣ እንጨት ነክሼ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፌ አገኘኝ። ለየላት የሚል ፊት አሳየኝ። ጢንዚዛ ነገሩን አስረድታ ሳጥኑን አፉ ላይ ደቀነችበት። «ምን ልበል?» ሲል ከንፈሩን አነበብኩ። ጠጋ ብሎ «እማዬ» አለ። ወዲያው የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አለ ብሎ ወደ ጓሮ ሄደ። ጓሮ ቧንቧ የለንም።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ። ሐኪሙ ሹካ የመሰለች ብረት መታ አድርጎ ጆሮዬ አጠገብ ሲያመጣት ምንም የለም፤ ግንባሬ ላይ ሲያቆማት ግን ዘመረችልኝ። «የውስጥ ጆሮዎ ደህና ነው፤ የተዘጋው መግቢያው ነው፤ ድምፅ በአጥንት ሊደርስዎት ይችላል» ብሎ ጻፈልኝ። ከጆሮ ጀርባ የሚደረግ መሣሪያም አለ አለኝ፤ ተራ ይጠበቃል። ይጠበቃ! ጆሮዬ የተዘጋ ጊዜ የጆሮ ጠብታ ተሰጥቶኝ ሳልመለስ የቀረሁት እኔው ነኝ።

ያ የምፈራው ነገርስ? እሱንም ሞከርነው። ሌሊቱን ሙሉ እንጨት ነክሼ እንደማልተኛ የታወቀ ነው። ጎረቤታችን አራስ ናት። ጢንዚዛ ለመነቻትና ከሰዓት በኋላ ልጇን ከነእንጨት አልጋው አምጥታ አልጋዬ ጎን አስጠጋችው። አንድ እጄን የአልጋው ጠርዝ ላይ ጥዬ ተኛሁ። እንቅልፌ መቼም ታውቂዋለሽ፣ የድንጋይ ነው። ልጁ ሲያለቅስ እንጨቱ መዳፌ ውስጥ ተንዘረዘረ፣ ብድግ አልኩ። እናቱ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር፤ ከእሷ ቀድሜ አነሳሁት። ደረቴ ላይ ሳደርገው ልቅሶው አጥንቴ ውስጥ ገባ። እንዲህ ያለ ትንሽ ፍጥረት፣ እንዲህ ያለ ጉልበት! ቁጭ ብዬ ነው ያባበልኩት።

ስለዚህ ትኬቱን ቁረጪልኝ፤ እመጣለሁ። የሕፃኑ አልጋ የእንጨት ይሁን፣ ጨርቅ የተጠቀለለበት እንዳትገዢ። ጢንዚዛ ሌላ ሳጥን እየሠራችልኝ ነው፣ ይኼኛውን ለትምህርት ቤት ትፈልገዋለች። እስክደርስ ፈጣሪ ይጠብቅሽ፤ ምጥሽን ያቅልልሽ፣ በሰላም ያገላግልሽ።

አንድ ነገር ብቻ። ስደርስ ወረቀትና እስክሪብቶ እንዳታቀርቢልኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ጽፈሽልኛል፣ ይበቃል። በሦስቱም ደብዳቤ ስለ ባልሽ አንድ መስመር የለም። አልጠይቅሽም። ብቻ አጠገቤ ትቀመጫለሽ፣ እንጨቱን የትከሻሽ አጥንት ላይ አስደግፌ እነክሳለሁ፣ አንቺ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ታወሪኛለሽ፣ ሊጻፍ ያልቻለውንም። መናገሩ አቅቶሽ ብታለቅሺም ግድ የለም፣ እሱንም እሰማዋለሁ።

እናትሽ